የመኪና ካታሊቲክ ኮንቨርተር ዕድሜው ስንት ነው? መቼስ ይለወጣል?

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ ጥቂት እንደ ሄደ ዴራን ያገኛል። ዴራ የዶዶታ ወረዳ ከተማ ናት። ከዴራ ወዲያ መንገዱ ኢተያንና ጎንዴን እያለፈ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይወጣል፤ አሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ መንገድ ለመንገደኛው ያማረ ነው፤ ለደከመ ሞተር ግን ፈተና ነው። አጎቴ በዚህ መንገድ ላይ በቤንዚን የሚሠራ ያረጀ የቶዮታ ሚኒባስ ይነዳሉ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ዴራ በሄድሁ ጊዜ አጎቴን ተክዘው አገኘኋቸው። ሚኒባሱ ዳገቱን እንቢ ብሏል። ከወራት በፊት ይኸው ችግር በደረሰበት ጊዜ አንድ ጋራዥ ወስደውት ነበር፤ የጋራዡም ሰው፣ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ይለወጥ» አላቸው። አጎቴ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው አስለወጡት። ሰባት ወር ሳይሞላ ያው በሽታ ተመለሰ። ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ፣ «ሌላ ከመግዛት ሆዱን ቀደን ውስጡን እናውጣና ባዶ ቱቦ ይሁን፤ ያን ጊዜ መኪናው ይበርራል» ሲል መከራቸው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃልና እስቲ ንገረኝ፤ የዚህ ዕቃ ዕድሜው ስንት ነው? ልለውጠው ወይስ ልቅደደው?» አሉኝ። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምማር የአርት ፋኩልቲ ሰው ስለ ሆንሁ መልስ አጣሁ፤ አፈርሁም። ወደ ግቢ ከተመለስሁ በኋላ መጻሕፍት አገላበጥሁ፤ የምሕንድስና ተማሪ የሆኑ ጓደኞቼንም በጥያቄ አሰለቸኋቸው። ያገኘሁትን መልስ ለአጎቴ ብቻ ከማስቀር ለእናንተም ላቀርበው ወደድሁ፤ ከመካከላችን አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ ሾፌር ያልሆነ ጥቂት ነውና። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደ ሆነ እንረዳ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ማርሚታው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመንገዱ ላይ አንድ የብረት ቆርቆሮ ያለበሰው ሆድ ያገኛል። በዚህ ሆድ ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ አለ። ቀዳዳዎቹ እጅግ የደቀቁ ናቸው፤ በተለመደው ዐይነት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 60 ያህል ይገኛሉ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ አሉሚና በተባለ ሸካራ ነገር ተለብጧል፤ የዚህ ልባጥ ገጽ ተፍታትቶ ቢዘረጋ ከእግር ኳስ ሜዳ ይሰፋል። በዚያ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ የከበሩ ማዕድናት እንደ ትቢያ ደቅቀው ተነስንሰዋል። በጠቅላላው ግን ጥቂት ግራም ብቻ ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን ዕቃ «የጭስ ማጣሪያ» ይለዋል። ስሙ ግን ያሳስታል። ማጣሪያ ቆሻሻን ይይዛል፤ ሲሞላም ይታጠባል ወይም ይጣላል። ይህ ግን ጭሱን አይዝም፤ ይለውጠዋል እንጂ። መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚን ወደ ውሃ ተንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ አብዛኛውን ወደ ያዘው ወደ ተራው ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ጤናማ ኮንቨርተር በሚገባ ከሞቀ በኋላ ከእነዚህ መርዞች ከመቶ ዘጠና በላዩን ያጠፋል።

የከበሩት ማዕድናት በዚህ ሥራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ የአስታራቂ ሽማግሌ ድርሻ ነው። ሽማግሌ ሁለት ባላጋራዎችን አገናኝቶ ያስታርቃል፤ ዕርቁ ሲፈጸም ግን እርሱ እንደ መጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከእርሱ አንዳች አይጎድልም። ፕላቲነሙም እንደዚሁ ጋዞቹን አገናኝቶ ይለውጣቸዋል እንጂ ራሱ አይቃጠልም፤ አያልቅምም። ስለዚህ «ዕድሜው ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ኮንቨርተር እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ በሥራ ብዛት የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ሽማግሌው ሥራውን የሚተወው ፊቱን ጭቃ ሲሸፍነው ወይም ቤቱ በላዩ ሲቃጠልበት ነው።

ይህን ለመረዳት የዕቃው ታሪክ ራሱ ይረዳናል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ኢውጂን ሁድሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በአሜሪካ ተቀምጦ የመኪና ጭስን የሚያጠራ ካታሊስት አሰናድቶ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ስለ ነበር እርሳሱ ማዕድናቱን እየሸፈነ ሥራቸውን አስተዋቸው። ፈጠራውም ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆነበት። አሜሪካ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕጓን ካጠበቀች በኋላ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ የአሜሪካ መኪኖች ኮንቨርተር ተገጠመላቸው፤ እርሳስ የሌለበት ቤንዚንም አብሮ ለገበያ ቀረበ። አፍሪካ ግን ዘገየች። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እስከ 2005 ማብቂያ ድረስ ባለ እርሳሱን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 ተወችው። እንግዲህ የመጀመሪያው የኮንቨርተር ገዳይ እርሳስ ነበር፤ እርሱ ዛሬ ከነዳጅ ማደያ ጠፍቷል። የቀሩት ገዳዮች ግን ከእኛው ሞተር ውስጥ ይኖራሉ።

አንደኛው ገዳይ ሳይቃጠል የሚያልፍ ቤንዚን ነው። አንድ ካንዴላ ሲያረጅ ወይም ሞተሩ አንዱን እሳት ሲዘልል ቤንዚኑ እንዳለ ወደ ጭስ ቱቦው ያልፋል፤ ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶም በዚያ ይነድዳል። ኮንቨርተር ሥራውን የሚጀምረው 250 ወይም 300 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ነው፤ በደኅና ጊዜ ከ400 እስከ 800 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲጎርፍበት ግን ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። ያን ጊዜ የደቀቁት ማዕድናት እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ገጻቸው ያንሳል፤ ወደ 1400 ዲግሪ ሲጠጋም ሸክላው ራሱ ቀልጦ ቀዳዳውን ይደፍናል። በሾፌሩ ፊት ያለው ቢጫው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ ይህን አደጋ ሊነግረን ነውና፣ «አዳማ ስደርስ አየዋለሁ» ማለት አይገባም።

ሁለተኛው ገዳይ የሚቃጠል ዘይት ነው። ሞተሩ ሲያረጅ ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ይቃጠላል። በዘይቱ ውስጥ የሚጨመሩት ፎስፈረስና ዚንክ አመድ ሆነው በማዕድናቱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀስ በቀስም ቀዳዳውን ይሞሉታል። ሦስተኛው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባው ውሃ ነው፤ ከውሃው ጋር የተቀላቀለው መድኃኒት እንደ ዘይቱ አመድ ማዕድናቱን ይሸፍናል። አራተኛው ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ ሸክላው ተሰባሪ ስለ ሆነ ከሥር ብርቱ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። አምስተኛው የነዳጅ ብልሽት ነው። ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛው ነዳጅ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለ ከሆነ በሚገባ አይቃጠልም፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ኮንቨርተሩ ነው።

በደጋው አገር የለመድናቸው ሁለት ነገሮችም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። በአሰላ ብርድ ባትሪው የደከመበት ሾፌር በማለዳ ሰው ሰብስቦ መኪናውን በግፊያ ያስነሣል። የቤንዚን መኪና ረጅም መንገድ ሲገፋ ሞተሩ እሳት ሳይዝ ቤንዚኑ ወደ ኮንቨርተሩ ይፈስሳል፤ ሲነሣም በአንድ ጊዜ ይነድዳል። ባትሪውን ከሌላ መኪና በሽቦ ማስነሣት ይሻላል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ያላቸው የጥንት ሞተሮች ለዚህ ስስ አየር ቤንዚኑን አይቀንሱም። ዐዲሶቹ ግን የኦክስጅን ሴንሰርና ሌሎች መሣሪያዎች እየመከሯቸው ይቀንሳሉ። ሴንሰሩ ከታመመ ምክሩ ይሳሳታል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ቤንዚን ይጠጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የሚጠግቡ ሞተሮችና ደኅና ነዳጅ ባሉበት አገር አንድ የመጀመሪያ ኮንቨርተር 160,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ዐሥር ዓመት ይቆያል ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ከመኪናው ጋር አብሮ ያረጃል። በአሜሪካ ሕግ ከ1995 ሞዴል ወዲህ የመኪና ሠሪው ለኮንቨርተሩ የ8 ዓመት ወይም የ80,000 ማይል፣ ማለት 129,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋስትና እንዲሰጥ ይገደዳል። ከሌላ ፋብሪካ ለሚገዛው ምትክ ግን በዚያው አገር በ1986 የወጣው ደንብ የጠየቀው የሥራ ዋስትና 25,000 ማይል ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በርካሽ ምትክ ውስጥ ያለው ማዕድን ያነሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዕቃ በጥርጣሬ ብቻ አውጥቶ ርካሽ መግጠም፣ በአበው አነጋገር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ለእኛ አገር ደግሞ ኪሎ ሜትር መቁጠሩ ብዙም አይጠቅምም። ብዙዎቹ መኪኖቻችን በሌላ አገር ዓመታት ሠርተው የመጡ ናቸውና፣ ኮንቨርተራቸው በፊት ምን እንደ ደረሰበት ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ምን ምልክት አሳየ?» ብሎ መመርመር ይበልጣል። ምርመራውም በቅደም ተከተል ቢሆን እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ራሱ የሚናገረውን መስማት ነው። ዳገት ላይ ጉልበቱ ቢጠፋ፣ ቤንዚን ከወትሮው አብልጦ ቢፈልግ፣ ከጭሱ የገማ እንቁላል ሽታ ቢመጣ፣ ከሥሩም እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ቢሰማ ኮንቨርተሩ ሊጠረጠር ይገባል። ነገር ግን ጉልበት ማጣት የሌላም በሽታ ምልክት ነውና በዚህ ብቻ አይፈረድም።

ሁለተኛ የኮምፒውተር ምርመራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ፒ0420» የሚል ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ኮንቨርተሩ በሚፈለገው ልክ አልሠራም ይላል እንጂ «ለውጡት» አይልም። የጭስ ቱቦ ቀዳዳ ወይም የታመመ ሴንሰር ይኸንኑ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ከኮንቨርተሩ በፊትና በኋላ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። የፊተኛው ንባብ ይወጣል፤ ይወርዳል። የኋለኛው ኮንቨርተሩ ጤናማ ከሆነ ረግቶ ይቆማል። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ የሚዋዥቅ ከሆነና ቱቦውም ሴንሰሩም ደኅና መሆናቸው ከተረጋገጠ ያን ጊዜ ኮንቨርተሩ ደክሟል ማለት ነው።

ሦስተኛ መዘጋቱን ማየት ነው። መካኒኩ የፊተኛውን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ይገጥማል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ መለኪያው ይነግረዋል። ዕቃው ከወረደ ደግሞ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ብርሃን ካላሳለፉ ተዘግቷል። ብርሃን ማሳለፉ ብቻውን ግን የጤና ምስክር አይሆንም፤ የተመረዘ ኮንቨርተር ለዐይን ንጹሕ ሊመስል ይችላልና።

እንግዲህ የሚለወጠው መቼ ነው? ሸክላው የተሰበረ ወይም የቀለጠ፣ ቀዳዳው የተዘጋ፣ ወይም ከላይ እንደ ተባለው በሴንሰሮቹ ምስክርነት ሥራውን የተወ ሲሆን ነው። ይህም የሚሆነው ገዳዩ ከተገኘና ከታከመ በኋላ ብቻ መሆን አለበት። ካንዴላው ሳይለወጥ፣ የሚቃጠለው ዘይት ሳይቆም ዐዲስ ኮንቨርተር መግጠም የሚያፈስስ ጣራ ሥር ዐዲስ ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው። ይህ ሁሉ ለቤንዚን መኪና የተነገረ መሆኑን አንባቢ አይርሳ፤ የናፍጣ ሞተር የጭስ አያያዙ ሌላ ነው።

የሁለተኛው ጋራዥ ምክርስ? ሆዱን ቀድዶ ባዶ ማድረግ በእርግጥ የተዘጋውን መንገድ ይከፍታል፤ መኪናውም ለጊዜው ዳገቱን ይወጣል። ስለዚህ ምክሩ ሐሰት ነው አልልም። ዕዳው ግን አልጠፋም፤ ከባለ መኪናው ወደ መንገደኛው ተላለፈ እንጂ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ነው። ከሞተሩ ቱቦ ሳይለወጥ ሲወጣ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ እኔ አውቃለሁ። እናቴ በዴራ የመኪና መቆሚያ አጠገብ ቡና ታፈላለች። በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳለ የሚኒባሶቹ የጭስ ቱቦ ከፊቷ ጋር ይተካከላል። በአጠገቧ ቆሎ የሚሸጡት ልጆችም እንደዚሁ ናቸው። ሾፌሩ ያዳነውን ገንዘብ እነርሱ በእስትንፋሳቸው ይከፍሉታል።

ሌላም ነገር አለ። ከተቀደደው ሆድ የሚወጣው ሸክላ ብዙ ጊዜ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ለቆራሌው በጥቂት ብር ይሸጣል። በውስጡ ያለው ሮዲየም በ2021 በዓለም ገበያ አንዱ ወቄት ከ20,000 ዶላር በላይ የተሸጠ ማዕድን ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ሌቦች ከቆሙ መኪኖች ሥር ኮንቨርተር እየቈረጡ የሚወስዱት ስለዚህ ነው። ፕላቲነሙንም ቢሆን ባዕድ አድርገን አንየው፤ በወለጋ ዩብዶ በ1920ዎቹ ከመሬት እየወጣ ለውጭ ገበያ ይቀርብ ነበር። የሞተ ኮንቨርተር እንኳን ዋጋ አለውና ባለቤቱ ሳያውቅ ሊጥለው አይገባም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ቀድመው የገቡትን ከመንገድ አላወጣቸውም። እነርሱ በእጃችን ያረጃሉ፤ ሲያረጁም ጭሳቸው ይበዛል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ማስታመም ማወቅ ከፊት ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል። በየዓመቱ ቦሎ ለመውሰድ ብቻ መኪናን ማስመርመር አይበቃም፤ ካንዴላን በጊዜው መለወጥ፣ የዘይትን መጠን በየሳምንቱ ማየት፣ ቢጫውን መብራት አለመናቅ ከኮንቨርተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው።

ለመስቀል ወደ ዴራ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም፣ «ዘይቱን በየሳምንቱ እጨምርለት ነበር፤ መኪና ሲያረጅ ይጠጣል ብዬ ተውሁት» አሉኝ። በሽታው ያ ነበር። በዐዋቂ መካኒክ እጅ ኮንቨርተሩ ሲወርድና ወደ ፀሐይ ሲያዝ ከግማሽ የሚበልጠው ቀዳዳ በዘይት አመድ ተደፍኖ ነበር። አጎቴ በመጀመሪያ ሞተሩን አሳደሱ። ለኮንቨርተሩ የሚሆን ገንዘብ ስላልተረፈ ሚኒባሱ የዕቁባቸው ተራ እስኪደርስ ድረስ አንድ ወር ከግቢ ሳይወጣ ቆመ። አንድ ወር ያለ ገቢ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ሆኖም አልቀደዱትም።

የቤታቸው ክዳን እስከ ዛሬ አልታደሰም። ሚኒባሱ ግን ዳገቱን ይወጣል፤ ከጧቱም ተራ ሲይዝ እናቴ በርጩማዋን ወደ ኋላ ሳትስብ ቡናዋን ትቀዳለች። ከእናንተም መካከል በሚቀጥለው ዕረፍት «ይለወጥ» ወይም «ይቀደድ» የሚል ምክር በቤቱ የሚሰማ ቢኖር፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ማን ገደለው?» ብሎ ይጠይቅ።